እድርተኛው ሲወጣ

የአሜሪካ የኬብል ስፖርት ጣቢያዎች ለአርባ ዓመት የኖሩበት መዋጮ እየመነመነ ነው። ነገ ጨዋታውን ማን ያሳየናል? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው የአጎቴ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ልጃቸው በትልልቅ ፊደል በአማርኛ የጻፈችላቸው ነው። «እሑድ ቀን፦ ሲቢኤስ ወይም ፎክስ። እሑድ ማታ፦ ኤንቢሲ። ሰኞ ማታ፦ ኢኤስፒኤን። ሐሙስ ማታ፦ አማዞን። የፈረንጅ ገና፦ ኔትፍሊክስ።» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ፣ በራሳቸው በጋሼ የእጅ ጽሑፍ፣ የትኛው ሪሞት ለምን እንደሆነ ተጨምሯል፦ «ትንሿ ጥቁር ለአማዞን፤ ረጅሙ ለድምፅ ብቻ።»

ጋሼ በዋሽንግተን ከተማ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድተዋል። የአሜሪካን ፉትቦል መጀመሪያ ያዩት ወደውት አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ከኤርፖርት የሚያነሷቸው ሰዎች ወሬያቸው ሁሉ የትናንቱ ጨዋታ ስለነበረ ነው። «ጨዋታውን ያላየ ሾፌር ዝም ብሎ ይነዳል፤ ያየ ግን ከሰው ጋር ያወራል» ይላሉ። እንግሊዝኛቸውን ያፍታቱት፣ የከተማውን ሐዘንና ደስታ የተጋሩት በዚያ ወሬ ነው። ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። የከተማው የፉትቦል ቡድን ዋሽንግተን ኮማንደርስ ሲጫወት ግን ከዚያ ሶፋ ላይ የሚያስነሳቸው የለም።

ኬብሉ በነበረ ጊዜ ወረቀት አያስፈልጋቸውም ነበር። የጣቢያውን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል፤ ሦስት ቁጥር ይጫኑና ይቀመጣሉ። የወሩ ሒሳብ እየከበደ ሲመጣ ልጃቸው ኬብሉን አቋረጠች፤ ሳጥኑን ከነገመዱ በካርቶን አሽጋ መለሰች። ያን ቀን ጋሼ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ሳጥኑስ ሄደ፤ ኳሱ ወዴት ሄደ?»

ጥያቄው የጋሼ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ኬብላቸውን አቋርጠዋል፤ ስፖርቱን ያሳዩ የነበሩ ጣቢያዎችም ከሥራቸው መሬቱ እየከዳቸው ነው። ኳሱ ወዴት እንደሄደ ለማወቅ መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል።

ከብሪስቶል ጭቃ

ብሪስቶል በኮነቲከት ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ1978 ቢል ራስሙሰን የተባለ ሰው ይሠራበት ከነበረው የኒው ኢንግላንድ ዌለርስ የሆኪ ቡድን ተባረረ። ከልጁ ከስኮት ጋር ሆኖ ያሰበው ነገር ትልቅ አልነበረም፦ የኮነቲከትን ቡድኖች ጨዋታ ለኮነቲከት የኬብል ደንበኞች ማሳየት። የሳተላይት ኪራይ ሲጠይቁ ግን ያልጠበቁትን ሰሙ። ሳተላይት ላይ የወጣ ምስል የሚወርደው ኮነቲከት ላይ ብቻ አይደለም፤ መላው አሜሪካ ላይ ነው፤ ዋጋውም ያው ነው። ሃያ አራት ሰዓቱን ጠቅልሎ መከራየት ደግሞ በየምሽቱ ጥቂት ሰዓት ከመከራየት ይረክስ ነበር። ቀንና ሌሊት ስፖርት ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ የሚለው ሐሳብ የተወለደው ከዚህ የኪራይ ሒሳብ ነው።

ገንዘቡን ጌቲ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ አወጣ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1979 ምሽት ኢኤስፒኤን ሥርጭቱን ሲጀምር ሕንፃው ገና አላለቀም፤ ግቢው ጭቃ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት የታየው ጨዋታ የሶፍትቦል ግጥሚያ ነበር፤ ሚልዋኪ ሽሊትዝ ከኬንታኪ በርበንስ። ትልልቆቹን ሊጎች የሚገዛ አቅም ስላልነበረው ያገኘውን ሁሉ ያሳይ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጣቢያው የሚተማመነው በማስታወቂያ ብቻ ስለነበር ኪሳራው ከባድ ነበር። የኬብል ድርጅቶች እንዲያሰራጩለት እሱ ራሱ የሚከፍልበት ጊዜም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጣቢያው ከኬብል ድርጅቶች በየደንበኛው ልክ በወር ጥቂት ሳንቲም መጠየቅ ጀመረ። ተቃውሞ ገጠመው፤ ነገር ግን ስፖርት የለመደ ደንበኛ ስፖርቱ ሲቀርበት ስልክ ይደውላል። ድርጅቶቹ ከፈሉ። በ1984 የኤቢሲ ቴሌቪዥን ንብረት ሆነ፤ በ1987 የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ የሆነውን የኤንኤፍኤልን የእሑድ ማታ ጨዋታዎች ማሳየት ጀመረ፤ በ1996 ከኤቢሲ ጋር ተጠቃልሎ በዲዝኒ እጅ ገባ። ያ ጥቂት ሳንቲም የአሜሪካን ስፖርት ሁሉ የሚያንቀሳቅስ ገንዘብ ሆነ።

የማይታይ መዋጮ

ይህን አሠራር ለማስረዳት ከእኛው እድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በእድር ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ሐዘን የሚገባው ግን ጥቂት ቤት ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ የተገዛው በአብዛኛው ሐዘን ባልደረሰበት ሰው ብር ነው። አባሉ ብዙ ስለሆነ መዋጮው አይከብድም፤ መዋጮው ስለማይከብድም ማንም አይወጣም።

የኬብል ጥቅልም እንዲሁ ነበር። ከመቶ የሚበልጡ ጣቢያዎች በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ድራማ ብቻ የምታይ ባልቴት፣ ዜና ብቻ የሚከታተል መምህር፣ ከልጆች ፊልም ሌላ የማይከፈትበት ቤት፣ ሁሉም ለኢኤስፒኤን ያዋጣሉ። በ2011 አካባቢ ጣቢያው የሚገባባቸው ቤቶች ወደ 100 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። ከእያንዳንዱ ቤት በወር 1 ዶላር ብቻ ቢነሳ በዓመት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። የጣቢያው ድርሻ ደግሞ አንድ ዶላር አልነበረም። ከዓመት ዓመት እያደገ በቅርብ ዓመታት ከየቤቱ በወር ከ9 ዶላር በላይ እንደደረሰ የዘርፉ ተንታኞች ይገምታሉ። ማስታወቂያው ለብቻው ነው።

ይህ ገንዘብ ጣቢያው ካዝና ውስጥ አልተቀመጠም። ወደ ሊጎቹ፣ ከሊጎቹ ወደ ቡድኖቹ፣ ከቡድኖቹ ወደ ተጫዋቾቹ ፈሰሰ። ኤንኤፍኤል በ2021 ከልዩ ልዩ ጣቢያዎች ጋር የተፈራረማቸው የ11 ዓመት ውሎች በድምሩ 110 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ናቸው። የቅርጫት ኳስ ሊጉ ኤንቢኤ በ2024 የተፈራረመው የ11 ዓመት ውል 76 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የኤንቢኤ ተጫዋቾች ከሊጉ ገቢ ግማሽ ያህሉን በስምምነት ስለሚካፈሉ፣ የትልልቆቹ ተጫዋቾች ደሞዝ ጣሪያ የነካው ቅርጫት ኳስ አይታ በማታውቀው ባልቴት መዋጮ ጭምር ነው።

በእድርና በኬብል መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እድርተኛ ወዶ ይገባል፤ ብሩ የት እንደሚውልም ያውቃል። የኬብል ደንበኛ ይህን አልተጠየቀም፤ ሒሳቡ ላይም ተለይቶ አልተጻፈለትም። ስለዚህ መውጫ በር ሲከፈትለት የሚያስቀረው ይሉኝታ አልነበረውም።

ቀዳዳው ሲታይ

በሩን የከፈተው ኢንተርኔት ነው። ኔትፍሊክስ በወር በጥቂት ዶላር ፊልምና ድራማ ሲያቀርብ፣ ስፖርት የማያይ ሰው ለኬብል የሚከፍልበት ምክንያት አጣ። ኦገስት 2015 የዲዝኒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቦብ አይገር ኢኤስፒኤን መጠነኛ የደንበኛ መቀነስ እንደገጠመው በይፋ አመኑ። በማግስቱ የዲዝኒ አክሲዮን 9 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የሌሎቹ የቴሌቪዥን ኩባንያዎችም ተከተለ። ገበያው ያን ቀን የሰማው ሁሉም ሲጠረጥረው የነበረውን ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ መቀነሱ አልቆመም። ከ100 ሚሊዮን ቤት በ2024 የቀረው 65 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። በ1 ዶላር መዋጮ ብናሰላው፣ ከእያንዳንዱ ዶላር በዓመት 420 ሚሊዮን ጎድሏል ማለት ነው። የጨዋታ መብት ዋጋ ግን አልወረደም፤ ጨመረ። ጎረቤት ከእድር ሲወጣ የቀሪው መዋጮ ይጨምራል፤ መዋጮው ሲጨምር ሌላው ይወጣል። ኬብሉን ትቶ ወደ ኢንተርኔት ጥቅል የሄደውም ከዚህ አላመለጠም። በ2017 በ35 ዶላር የተጀመረው ዩቲዩብ ቲቪ በ2025 መጀመሪያ 82.99 ዶላር ገባ። ኬብል የተባለው ሳጥን ይቀራል እንጂ ሒሳቡ ተከትሎ ይመጣል።

ሜይ 2025 የቴሌቪዥን ተመልካችን የሚለካው ኒልሰን አዲስ ነገር መዘገበ። አሜሪካውያን ቴሌቪዥን ፊት ካሳለፉት ጊዜ 44.8 በመቶው በኢንተርኔት በሚመጣ ሥርጭት ላይ የዋለ ነበር፤ ኬብል 24.1፣ በአንቴና የሚገቡት ጣቢያዎች 20.1 በመቶ ያዙ። ኢንተርኔቱ ሁለቱን በአንድነት ሲበልጥ የመጀመሪያው ነበር።

የጣቢያዎቹና የኬብል ድርጅቶቹ ጠብም ወደ አደባባይ ወጣ። ኦገስት 31 ቀን 2023 ምሽት የኮሌጅ ፉትቦልና የዩኤስ ኦፕን ቴኒስ እየታየ ሳለ፣ 15 ሚሊዮን ገደማ የቴሌቪዥን ደንበኞች የነበሩት ቻርተር የተባለው የኬብል ድርጅትና ዲዝኒ በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩና ኢኤስፒኤን ከስክሪኑ ጠፋ። ቻርተር በዚያ ሰሞን የተናገረው ያልተለመደ ነበር፦ አሠራሩ ተሰብሯል፤ ካልተስተካከለ የቴሌቪዥን ሥራውን ትተን እንወጣለን። የተስማሙት ሴፕቴምበር 11፣ የሰኞ ማታው የኤንኤፍኤል ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። በ2024 የሳተላይት ቴሌቪዥን ድርጅቱ ዳይሬክቲቪ፣ በ2025 ዩቲዩብ ቲቪ ከዚሁ ከዲዝኒ ጋር ተመሳሳይ ጠብ ገጠሙ፤ እያንዳንዱም ሁለት ሳምንት ገደማ ወሰደ። ሦስቱም የሆኑት በፉትቦል ወቅት ነው። ተመልካቹ በጣም የሚፈልገው ሲያዝበት፣ ጫናው ከሁለት አንዱን ያንበረክካል። መሐል የሚቀመጠው ግን ሒሳቡን የከፈለው ሰው ነው።

የሳንዲዬጎ ትምህርት

ትልቁ ጣቢያ ሲነቀነቅ ትንንሾቹ ወደቁ። በአሜሪካ ትልቅ ከተማ ሁሉ ማለት ይቻላል የራሱን የቤዝቦል፣ የቅርጫት ኳስና የሆኪ ቡድን የሚያሳይ የአካባቢ ስፖርት ጣቢያ ነበረው። አንድ የቤዝቦል ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ አብዛኛው የሚታየው በዚህ ጣቢያ ነው። ለከተማው ሰው ይህ ጣቢያ እንደ ሰፈር ቡና ቤት ነበር፤ በበጋ ማታ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ አስተላላፊዎቹም በስማቸው የሚጠሩ የቤት ሰዎች ናቸው።

በ2019 ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ 21 የአካባቢ ስፖርት ጣቢያዎችን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ግምት ገዛ። አብዛኛው ብድር ነበር። ጣቢያዎቹን የሚያስተዳድረው ዳይመንድ ስፖርትስ ማርች 2023 ፍርድ ቤት ቀርቦ የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ፣ ዕዳው ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ጨዋታቸውን የሚያሳይላቸው ቡድኖች ደግሞ 42 ነበሩ።

ሜይ 30 ቀን 2023 ዳይመንድ ለሳንዲዬጎ ፓድሬስ መክፈል የነበረበትን ሳይከፍል ቀረ። በማግስቱ ቡድኑ ማያሚ ላይ ሲጫወት ሥርጭቱን የቤዝቦል ሊጉ ራሱ ተረከበ። ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። ጨዋታውን ማየት የሚችሉ ቤቶች ከ1 ሚሊዮን ጥቂት ብቻ ይበልጡ የነበሩት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆኑ፤ ኬብል የሌለውም በኢንተርኔት በወር 19.99 ዶላር ከፍሎ ማየት ቻለ። የቡድኑ ገቢ ግን ከቀድሞው ውል በታች ወረደ፤ ሊጉ በዚያ ዓመት የውሉን 80 በመቶ እንደሚያሟላ ቃል ሰጠ። ብዙ ሰው አየ፤ ትንሽ ገንዘብ መጣ። በኬብሉ ዘመን የነበረው ተቃራኒው ነው።

በዚያው ዓመት የፊኒክስ ሰንስ ባለቤት ማት ኢሽቢያ ሌላ መንገድ መረጡ። የቅርጫት ኳስ ቡድናቸውን ጨዋታ ከኬብል አውጥተው በአንቴና በነፃ በሚገባ የአካባቢ ጣቢያ ላይ አደረጉት፤ አንቴና ለሌላቸው ደጋፊዎችም ቡድኑ አንቴና አደለ። ጨዋታው የሚደርስባቸው ቤቶች ከእጥፍ በላይ ሆኑ። ዩታ ጃዝም ወደ ነፃ ጣቢያ ተመለሰ። እነዚህ ሰዎች ያሰቡት ረጅሙን ነው፦ ዛሬ ጨዋታውን ያላየ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ትኬት አይገዛም።

ሌላው መንገድ ግን ያሳስበኛል። በ2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግዛቶች የስፖርት ውርርድን እንዲፈቅዱ በሩን ከከፈተ ወዲህ፣ የአወራራጅ ድርጅቶች ገንዘብ ወደ ስፖርት ቴሌቪዥን ጎርፏል። የዳይመንድ ጣቢያዎችም በኦክቶበር 2024 ፋንዱኤል በተባለው የውርርድ ድርጅት ስም መጠራት ጀመሩ። ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ የሚታይ ጣቢያ የአወራራጅን ስም በግንባሩ ሲለጥፍ፣ የጎደለው መዋጮ ከየት እንዲሞላ እንደታሰበ ግልጽ ነው። ከሚሸነፍ ሰው ኪስ ነው።

አዲሶቹ ገዢዎች

በጋሼ ግድግዳ ላይ አማዞንና ኔትፍሊክስ ምን ያደርጋሉ? እነዚህ ድርጅቶች ኳስ በማሳየት ብቻ የሚኖሩ አይደሉም። አማዞን ከ2022 ጀምሮ የሚያሳየውን የሐሙስ ማታ የኤንኤፍኤል ጨዋታ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ የሚያስበው ስለ ገበያው፣ ስለ አባልነቱና ስለ ማስታወቂያው ነው። አፕል የአሜሪካን የእግር ኳስ ሊግ፣ የሜጀር ሊግ ሶከርን፣ መብት ለ10 ዓመት ገዛ። ዩቲዩብ በ2023 የኤንኤፍኤልን የእሑድ ጨዋታዎች ልዩ ጥቅል ያዘ። ኔትፍሊክስ በ2024 የገና ዕለት ሁለት ጨዋታዎችን አሳየ። ጃንዋሪ 2024 ደግሞ የካንሳስ ሲቲና የማያሚ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከሁለቱ ከተሞች ውጪ ፒኮክ በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ብቻ ታየ። ብዙ ደጋፊ ተቆጣ፤ ነገር ግን 23 ሚሊዮን ሰው ገደማ አየው። ያ ቁጥር ለሁሉም ሊጎች መልእክት ነበር፦ ደጋፊ እያጉረመረመም ቢሆን ተከትሎ ይመጣል።

ከአሮጌዎቹ የወደቀውን ለማየት ቲኤንቲ ይበቃል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኤንቢኤ ቤት ነበር። በ2024ቱ ውል ሊጉ ከዲዝኒ፣ ከኤንቢሲና ከአማዞን ጋር ሲፈራረም ቲኤንቲ ውጪ ቀረ። የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ቻርልስ ባርክሌይና ሻኪል ኦኒል የሚቀርቡበት ታዋቂው የወግ ፕሮግራሙ ዛሬ የሚተላለፈው በተወዳዳሪው በኢኤስፒኤን ላይ ነው። ኮምካስትም ዩኤስኤ ኔትወርክንና ጎልፍ ቻናልን ጨምሮ አብዛኞቹን የኬብል ጣቢያዎቹን ለይቶ ሌላ ኩባንያ አድርጎ አስወጥቷል። ባለቤቶቹ ራሳቸው ሻንጣቸውን እያወጡ ነው።

ኢኤስፒኤን ግን ለመቅረት ወስኗል። ከፎክስና ከዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ ጋር ቬኑ የሚባል የጋራ የስፖርት አገልግሎት ለማቋቋም በ2024 ያደረገው ሙከራ በፍርድ ቤት ታግዶ በ2025 መጀመሪያ ተሰረዘ። ኦገስት 21 ቀን 2025 ብቻውን ወጣ፤ ኬብል ለሌለው ሰው ሙሉ ጣቢያውን በወር 29.99 ዶላር በቀጥታ መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዕለት ፎክስ የራሱን በ19.99 ዶላር ጀመረ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሁለቱ ተጣምረው በ39.99 ዶላር ቀረቡ። በዚያው ኦገስት ደግሞ ኤንኤፍኤል የራሱን ጣቢያ ለኢኤስፒኤን ሰጥቶ በምትኩ የ10 በመቶ ባለድርሻ ሊሆን ተስማማ።

ቁጥሮቹን አስተያዩ። ሁሉም ሲያዋጣ ከየቤቱ 9 ዶላር ገደማ የነበረው፣ የሚያየው ብቻ ሲያዋጣ 30 ዶላር ሆነ። እድሩ እየተቋቋመ ያለው እንደገና ነው፤ ነገር ግን አባሎቹ ሐዘንተኞች ብቻ ናቸው።

ሰሌዳውና ወረቀቱ

አዋጥቶ ጨዋታ ማየትን የእኛ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት ያላየ የለም። በር ላይ የቆመው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱን ጨዋታ ከነሰዓቱ በጠመኔ ያሳያል፤ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጦ፣ ጥቂት ብር ከፍሎ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ይታያል። ለየቤቱ የከበደውን ዋጋ ሰፈሩ በጋራ ይከፍለዋል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግም ቢሆን በ2020 የሥርጭት መብቱን ለአምስት ዓመት የሸጠው የዲኤስቲቪ ባለቤት ለሆነው ለመልቲቾይስ ነው። መልቲቾይስ ራሱ ደንበኛ እየቀነሰበት ሄዶ በ2025 በፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ ተገዝቷል። ማዕበሉ አንድ ነው፤ የሚደርስበት ሰዓት ይለያይ እንጂ።

ዲኤስቲቪ ቤቱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ጨዋታ ብቻን ሲያዩት ግማሽ ነው። የአዲስ አበባው አግዳሚም የጋሼ ታክሲም ያንኑ ነው የሚመሰክሩት፤ ጎሉ የሚጣፍጠው ሌላው ሰው ስላየው ነው። ጨዋታው በስድስት አገልግሎት ተበታትኖ ልዩ ልዩ ሒሳብ ሲጠይቅ፣ ሰኞ ጠዋት ሁሉም የሚያወራው አንድ ነገር አይኖርም። የኬብሉ መፍረስ ያመጣው ትልቁ ኪሳራ በዶላር የሚቆጠረው አይመስለኝም።

የኳሱ አድራሻ

ታዲያ የኬብል ስፖርት ጣቢያ ይሞታል? ኢኤስፒኤን የሚባለው ስም አይሞትም፤ የጨዋታ መብት እጁ ላይ እስካለ ድረስ ገመድም ይሁን ኢንተርኔት ተመልካች ያገኛል። የሚሞተው ጨዋታ በሌለበት ሰዓት ሁሉ በወሬና በድጋሚ የሚሞላው፣ ማንም ባያየውም ክፍያ የሚያገኘው ጣቢያ ነው። የአካባቢ ጣቢያዎች በነበሩበት መልክ አይመለሱም። መካከለኛ ተመልካች ያላቸው ስፖርቶችና ትንንሽ ከተሞች የለመዱትን ገንዘብ አያገኙም። ለዚህ አላዝንም ማለት አልችልም፤ ባልቴቷ ግን ከማታየው ነገር ነፃ መውጣቷ ተገቢ ነው።

ጨዋታን ለሁሉ ክፍት ማድረግ እንደሚያዋጣ የማያሻማ አንድ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ ከሁሉም የበለፀገው ሊግ ኤንኤፍኤል ነው፤ በ2023 ብዙ ሰው ካያቸው 100 የቴሌቪዥን ሥርጭቶች 93ቱ የእሱ ጨዋታዎች ነበሩ። ይኸው ሊግ ደግሞ በሩን ክፍት ያደረገው ነው። አብዛኞቹ የእሑድ ጨዋታዎች በነፃ ጣቢያ ይታያሉ። በአማዞን፣ በኢኤስፒኤን ወይም በኔትፍሊክስ የሚተላለፍ ጨዋታ እንኳ በተጋጣሚዎቹ ቡድኖች ከተማ በአንቴና ይገባል። ፌብሩዋሪ 2025 የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን ያየው 127.7 ሚሊዮን ሰው የመጣው ከዚህ በር ነው። ነፃ ጣቢያዎቹም ከኬብል ድርጅቶች ክፍያ ስለሚያገኙ ችግሩ ፈጽሞ አይነካቸውም አልልም። ሆኖም ብዙ ሰው የሚያየው ነገር ሁልጊዜ ገዢ አለው፤ በሩን የዘጋ ሊግ ግን ዋጋውን የሚያውቀው የደጋፊው ልጅ ሌላ ነገር ከለመደ በኋላ ነው። የሊጎቹ ባለቤቶች ከሚሸጡት ሁሉ ይህን አንዱን፣ የገዛ ከተማቸውን ጨዋታ፣ ከነፃ ጣቢያ እንዳያወጡት እለምናለሁ።

ኦክቶበር 27 ቀን 2024 የኮማንደርሱ ጄደን ዳንኤልስ በመጨረሻዋ ሰከንድ ከሩቅ የወረወራት ኳስ በተከላካዮች እጅ ተነክታ የቡድን ጓደኛው ኖዋ ብራውን እጅ ስትገባ፣ ዋሽንግተን ቺካጎን 18 ለ 15 አሸነፈ። ጋሼ ያን ቀን ኬብላቸው ገና አልተቋረጠም ነበር፤ ጮኸው ጎረቤት አስደንግጠዋል። ጨዋታውን ያሳየው ሲቢኤስ ነው፤ ያለ ምንም ወርኃዊ ክፍያ በአንቴና የሚገባ ጣቢያ። ይህን እሳቸውም አያውቁም፣ ልጃቸውም አታውቅም ነበር። አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ልጅ አንቴና የሚባለውን አይታ አታውቅም።

ባለፈው ወር ሠላሳ ዶላር የማይሞላ ጠፍጣፋ አንቴና ገዝቼ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ለጥፈን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካነው፤ ጣቢያ ፈልግ የሚለውን ተጫንን። በዋሽንግተን አካባቢ ኤንቢሲ 4፣ ፎክስ 5፣ ኤቢሲ 7፣ ሲቢኤስ 9 ቁጥር ላይ ናቸው። አራቱም ጥርት ብለው ገቡ። ጋሼ ወረቀቱን ከግድግዳው አነሱና ገልብጠው በእርሳስ አራቱን ቁጥሮች ብቻ ጻፉበት።

አንባቢ ሆይ፣ ወላጆችህ ወይም አጎትህ በአሜሪካ ካሉ በሚቀጥለው እሑድ ስትጠይቃቸው ቴሌቪዥናቸውን እየው። ስንት ቦታ እንደሚከፍሉ ቁጠርላቸው፤ የማያዩትን አቋርጥላቸው፤ አንቴናውን ስካላቸው። ከዚያ ከመሄድህ በፊት አንድ ጨዋታ አብረሃቸው እይ።